የጀልባ ሞተር በቁስቋም

ሰው ግቢው ውስጥ በግ ያስራል፣ ጎመን ይተክላል፣ ከቻለ መኪና ያቆማል። እኔ ግቢ ውስጥ የጀልባ ሞተር ነበር። ጀልባ አላልኩም፤ ጀልባዋ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ተገልብጣ ተኝታለች። ሞተሩ ብቻ ነው ተነቅሎ፣ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ፣ የቁስቋምን ዳገት የወጣው። ሰፈራችንን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከኛ በላይ ያለው የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ነው። በሰፈሩ ትልቁ የውሃ ክምችት የጎረቤታችን የእትዬ ዘርፌ ሮቶ ሲሆን፣ እሱም ቢሆን ሞልቶ አያውቅም። እንግዲህ እዚህ ቦታ ላይ ነው የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ሆኜ የከረምኩት። እንዴት እንደሆነ ላውራችሁና እናንተው ፍረዱኝ።

ነገሩ የመጣው በአማቴ ነው። ባለቤቴ ሙሉ ትባላለች፤ አባቷ ደግሞ አባባ ቱፋ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ዝዋይ ላይ ጀልባ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ወደ ደሴቱ የሚሻገረውን ሁሉ፣ ሙሽራውንም፣ ቄሱንም፣ ፍየሉንም ያሻገሩት እሳቸው ናቸው። አሁን ግን ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን ሞራ ሸፍኗቸው፣ ሰውን የሚለዩት በድምፁ ነው። ጳውሎስ አካባቢ አንድ የዓይን ክሊኒክ ወስደናቸው ሐኪሙ አይቷቸው ነበር። "ሞራው ይወጣል፣ ቀላል ነው፤ ግን አታቆዩት፣ በቆየ ቁጥር ሥራውም ይከብዳል" ብሎ ቀጠሮ ሰጠን። እሳቸው "አገሬ ደርሼ ልምጣ" አሉና ሄዱ። ልብስ ሊያመጡ ነው ብለን ነበር።

የመጡት በፒክአፕ ነው። ፒክአፑ ሸጎሌ ገበያ የሚወርዱ በጎች ጭኗል፤ በበጎቹ መሃል ደግሞ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ትልቅ ነገር ተጋድሟል። ሙሉ ሰው ታሞ የመጣ መስሏት ደረቷን ይዛ ሮጠች። ብርድ ልብሱን ብትገልጠው ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ያረጀ ብረት።

"አባባ፣ ይሄ ምንድነው?" አልኳቸው።

"ልጅቷ ናት" አሉኝ። "ታማለች። ሚኒሞዋ ልክ አይደለም።"

ለማያውቅ ላስረዳ። ሞተር ተነስቶ፣ ነዳጅ ሳይሰጡት፣ ባለበት ቆሞ ሲያጉረመርም ነው ሚኒሞ የሚባለው። ጤነኛ ሞተር ሚኒሞ ላይ ሲሆን እንደ ጠገበች ድመት ነው። የአባባ ቱፋ ሞተር ግን ሚኒሞ ላይ ሲሆን ያስላል፣ ያነጥሳል፣ ይንዘፈዘፋል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። ሐይቅ መሃል ቀጥ የሚል ሞተር ደግሞ ምን እንደሚያስከትል መገመት አያቅትም።

"እሷ ሳትድን እኔ ዓይኔን አላስነካም" አሉ አማቴ፣ ሞተሩን በመዳፋቸው እየዳበሱ። "እኔ አልጋ ላይ ተኝቼ፣ እሷ ታማ? አይደረግም።"

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ዝም ማለት የሚባል ነገር ሲታደል እኔ ሌላ ሰልፍ ላይ ነበርኩ መሰለኝ። "ለዚህ ነው እንዴ የሚጨነቁት? እኔ አስተካክልልዎታለሁ" አልኳቸው። ሙሉ ዞር ብላ አየችኝ። የእኔን የሞተር ዕውቀት ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ መኪናችን መንገድ ላይ ስትቆም ኮፈኗን ከፍቼ፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ ውስጧን በቁጣ እመለከታታለሁ። አንዳንዴ ትፈራኝና ትነሳለች።

ሌላም ያልነገርኳችሁ አለ። በዚያ ሰሞን የግራ መንጋጋ ጥርሴ ክፉኛ እያመመኝ፣ የማኝከው በቀኝ ብቻ ነበር። ሙሉ "ጥርስ ሐኪም ጋ ሂድ" ስትለኝ ሥራ በዝቶብኛል እላለሁ። ምን አለፋችሁ፣ ፈርቼ ነው። ቅርንፉድ ጉንጬ ውስጥ ወትፌ እየዞርኩ፣ አማቴን ግን "አባባ፣ የዛሬ ሕክምና እኮ ምንም አያሳምም" እያልኩ እመክራቸው ነበር።

በማግስቱ ሥራዬን ስልኬ ላይ ጀመርኩ። የጀልባ ሞተር ጥገና የሚያስተምር ፈረንጅ በቪዲዮ አገኘሁ። ንጹሕ ቱታ ለብሷል፣ ፈገግ ይላል፣ ችኮላ የለበትም። ማስታወሻ መያዣ አዘጋጅቼ ፊቱ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያ ትምህርቱ ጀልባዋን ውሃ ላይ ማሳረፍ ነው። በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ባሕር ዛፍ፣ ዳገት፣ ሁለት አህያ። ስልኩን ዘጋሁት።

ከዚያ መካኒክ ጠራን። ማስተር ግርማ ሸጎሌ ላይ የከብት መጫኛ መኪናዎችን የሚጠግን፣ ድምፁ ከሞተሮቹ የሚበልጥ ሰው ነው። ሞተሩን አሮጌ የአልጋ እንጨት ላይ አስቀምጠነው ነበርና ዙሪያውን ዞረው፣ ጎንበስ ብሎ ከሥር አየው፣ ቀና አለ።

"ራዲያተሩን ነቅለውበታል" አለ።

"ማን?"

"ሌባ ነዋ፣ ማን ይሆናል? የመጀመሪያዎቹ አይደላችሁም፣ እኔ ጋ በየቀኑ ነው የሚመጣው።"

ይሄን ሲል ሙስጠፋ በሩ ላይ ቆሟል። ሙስጠፋ የመንገዳችን ባለሱቅ ነው፤ ጨዋ፣ ደግ፣ ለጎረቤት የሚደርስ ሰው ነው፤ ወሬ ግን አፉ ውስጥ አያድርም። ማስተር ግርማ መሣሪያውን ሳያወጣ፣ እኛ ግቢ ሌባ ገብቶ ራዲያተር ነቅሎ መሄዱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ተሰማ። ሰው እግዜር ይተካ ለማለት ይመጣ ጀመር። አንዷ ሴትዮ ለሙሉ "ዋናው ጤና ነው" ብላት ሄደች።

አባባ ቱፋ ወንበራቸው ላይ ሆነው ትከሻቸው እስኪርገበገብ ሳቁ። "ልጆቼ፣ የሷ ራዲያተር ሐይቁ ነው" አሉ። "ሐይቁን ማን ይሰርቀዋል? ከሥር ቀዝቃዛ ውሃ ትስባለች፣ ሰውነቷን ታቀዘቅዝበታለች፣ ሞቅ ሲል መልሳ ትተፋዋለች። በቃ፣ እንደዚህ ነው።"

"ስለዚህ ለማስነሳት ሐይቅ ያስፈልገናል ማለት ነው?" አለ ማስተር ግርማ።

"በርሜልም ይበቃታል።"

በርሜሉ ቀላል ነበር። ውሃው ነው እንጂ። እኛ ሰፈር ውሃ በተራ ነው የሚመጣው፤ ተራችን ሲደርስ ጎህ ሲቀድ ብቅ ትልና፣ ጀሪካን ሞልተን ሳንጨርስ ትሄዳለች። እኔ የቤቱን ጀሪካን ሁሉ በርሜሉ ውስጥ ገለበጥኩት። ሙሉ የመጨረሻዋን ጀሪካን እጀታ ይዛ ነበር፤ ተጓተትን፤ ለአባቷ መሆኑን ሳስታውሳት ለቀቀችኝ። ሞተሩ ላይ ሁለት ቱቦ ቀጠልን፤ የሚስብበትን በርሜሉ ውስጥ፣ የሚተፋበትን ወደ አትክልቱ።

"እሺ" አሉ አባባ ቱፋ። "ቀስቅሷት።"

ማስተር ግርማ ቀሰቀሳት። ሞተሩ መጀመሪያ አንዴ አገሳ። ቀጥሎ ጥቁር ጭስ ተፋ። ከዚያ ሚኒሞው ላይ ሲወርድ ያ የተባለው መንዘፍዘፍ ጀመረው፤ አልጋው አብሮት ተንዘፈዘፈ፤ እኔም ልይዘው ብዬ ብደገፈው አብሬ ተንዘፈዘፍኩ። በዚህ መሃል ነው ሙሉ "እየሄደ ነው" ያለችው። እውነትም አልጋው በአራት እግሩ እየተራመደ ነበር። ወደ ውጭ በር ነው የሚሄደው። አንድ አራት ሰው ሆነን ተንጠለጠልንበት፤ እኛንም ይዞ ሄደ። በርሜሉ ተገለበጠ፣ የእኔ ጥርስ በመንቀጥቀጡ ነፍሴን አወጣት፣ ማስተር ግርማ የሚጠፋበትን ቦታ እያሳደደ ይፈልጋል። በሩ ጋ ስንደርስ ሞተሩ አንዴ አነጠሰና በራሱ ጊዜ ቆመ።

"አያችሁ?" አሉ አባባ ቱፋ ከወንበራቸው ሳይነሱ። "ታማለች ስላችሁ።"

ጥፋተኛው አልጋ የሠርጋችን አልጋ መሆኑን ሙሉ ያስተዋለችው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ሌላ ምንም አልጽፍም።

በሚቀጥለው ቀን አልጋውን በድንጋይ አስደግፈን፣ በሽቦ ከብርቱካኑ ዛፍ ጋር አሰርነው። በርሜሉን ከየት ሞላነው ብትሉኝ፣ ለምን እንደሆነ ሳልናገር ከእትዬ ዘርፌ ሮቶ ለምኜ ነው። ሞተሩ ገና ከመነሳቱ እትዬ ዘርፌ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። ባለ ሮቶዋ ጎረቤታችን ማለት ናቸው። ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው ካሰሩ ነገር አለ ማለት ነው።

"እኔ ጾሜን እያደርኩ የማጠራቅማትን ውሃ፣ አንተ ለብረት ታጠጣለህ?" አሉኝ።

"እትዬ ዘርፌ፣ ለአባባ ዓይን ነው።"

"የሰው ዓይን በብረት በኩል ነው እንዴ የሚታከመው?" አሉና ዞረው በበሩ በኩል ግቢያችን ገቡ። ከቱቦው የሚወጣው ውሃ ወደ አትክልቱ ሲፈስ አይተው ግን አላስቻላቸውም፤ ሊዘጉት እጃቸውን ሰደዱ። እጃቸው እዚያው ቀረ። ደግመው አጠለቁት።

"ሞቃለች" አሉ ቀስ ብለው።

የቁስቋምን ብርድ ለማያውቅ ሰው ይሄ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት ይከብዳል። እኛ ሰፈር ጠዋት ልብስ የሚያጥብ ሰው ጣቱን እየቆጠረ ነው የሚያጥበው። እትዬ ዘርፌ ሄደው ሳፋ ይዘው ተመለሱ። ሳፋው ውስጥ ሁለት ብርድ ልብስና አንድ ጋቢ ነበር። ከሰዓት በኋላ የሳቸው ጎረቤት መጣች። በማግስቱ ጠዋት ግቢያችን በር ላይ ሰልፍ ሆነ፤ እያንዳንዷ ጀሪካኗን ይዛ ትመጣለች፣ ቀዝቃዛውን በርሜሉ ውስጥ ትገለብጣለች፣ ሙቁን በሳፋዋ ትቀበላለች። ውሃ ልመና ቀረልኝ። ሞተሩ የሰፈሩን ብርድ ልብስ በሙሉ አጠበ። ከብርቱካኑ ዛፍ እስከ ኩሽናው የተዘረጋው ገመድ አልበቃ ብሎ አጥሩ ሁሉ አንሶላ ለበሰ። ሙስጠፋ የልብስ ሳሙናና ለስላሳ በካሳ ይዞ መጥቶ ጥላው ሥር አግዳሚ ወንበር ዘረጋ፤ ወሬ ፍለጋ እዚያና እዚህ ማለትም ቀረለት፤ ወሬው ራሱ እየመጣ አጠገቡ ይቀመጣል።

በዚህ ሁሉ መሃል አባባ ቱፋ ወንበራቸው ላይ ጋቢያቸውን ደርበው ይቀመጣሉ። ሴቶቹ ልብስ እያሹ እሳቸው ስለ ሐይቁ ያወራሉ። ጉማሬ ጀልባቸውን በጀርባዋ አንስታ ስላስቀመጠችበት ቀን፣ ማዕበል ሲነሳ ሙሽራዋ ሳትደነግጥ ሚዜዎቹ ስላለቀሱበት ሠርግ። ሳቃችን እስከ ታች አስፋልት ይሰማ ነበር አሉ። ሙሉ አንድ ቀን አጠገቤ ቆማ "እማዬ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አላየሁትም" አለችኝ። እኔም ደስ አለኝ፤ ለካ ደስታ ጭስና ሳሙና ሳሙና የሚሸት ነገር ነው።

ሥራውም አልቆመም። ማስተር ግርማ ካንዴላዎቹን ፈትቶ አጸዳ፣ ካርቡራቶሩን ነፋ፣ የቤንዚን ፊልትሮውን ቀየረ። እኔ ካቻቢቴ አቀብላለሁ፤ "የቱ?" እላለሁ፣ "እሱ አይደለም" ይለኛል። አንድ ከሰዓት በኋላ ሞተሩ ተነሳና ሚኒሞ ላይ ወርዶ... ዝም ብሎ ማንጎራጎር ጀመረ። አልጋው አልነቃነቅ አለ። ሴቶቹ ማሸታቸውን አቆሙ። አባባ ቱፋ ጆሯቸውን አስጠግተው ብዙ አዳመጡ።

"እ... ማለቴ፣ ይሻላታል" አሉ በመጨረሻ። "እስቲ ለነገ እንያት።"

በማግስቱ ጠዋት አስነሳነው። ያስላል፣ ያነጥሳል፣ ይንዘፈዘፋል።

ማስተር ግርማ መጣ፣ ነካካው፣ ማታ ደህና ሆነ። ጠዋት ታመመ። እንደገና ተነካካ፣ ዳነ፤ ነጋ፣ ታመመ። የሐኪሙ ቀጠሮ ደግሞ እየቀረበ፣ ደረሰ፤ አባባ ቱፋ "ልጅቷ ገና ናት" አሉና ቀረን። ክሊኒኩ ሌላ ቀን ሰጠን፤ "ከዚህ በላይ አታዘግዩ" ተባልን። ሙሉ ያን ቀን ምሳ አልበላችም። አባቷ ውሃ ሊጠጡ ብርጭቆውን ሲዳብሱ፣ ከብርጭቆው አልፈው ቢላውን ሊይዙት ሲሉ እኔም አየሁ። ቢላውን ከእጃቸው ሥር አነሳሁት። ቀልዱ ያን ቀን አልጣመኝም።

እኔ ደግሞ በተፈጥሮዬ ተጠራጣሪ ነኝ። ማታ የዳነ ሞተር ጠዋት የሚታመመው ሰው ሲነካው ነው አልኩ። ታዲያ ማነው? እትዬ ዘርፌ ናቸው፤ ሞተሩ ከዳነ ዝዋይ ይመለሳል፣ ሙቅ ውሃቸውም አብሮ ይሄዳል። አይ፣ ሙስጠፋ ነው፤ ለስላሳው እንዲህ ተሽጦለት አያውቅም። አይ፣ ማስተር ግርማ ራሱ ነው፤ ምሳ እኛ ቤት ለምዷል። ሁሉንም በዓይኔ ስከታተል ሰነበትኩ። ለእትዬ ዘርፌ ሰላምታ ስሰጥ ጣታቸውን አያለሁ፣ ቅባት አለበት እንደሆን። አንድ ቀን "ምን ሆነሃል፣ እጄን ልትስም ነው?" አሉኝ።

የውሃ ተራችን የደረሰ ቀን ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። ጀሪካኖቹን ይዤ በጓሮ በኩል ብቅ ስል፣ ብርቱካኑ ዛፍ ሥር ነጭ ነገር ጎንበስ ብሏል። ጋቢ ነው። ከጋቢው ውስጥ አንድ እጅ ወጥቶ፣ ካርቡራቶሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን በጣት ጫፍ ፈልጎ አገኛት። ሌላው እጅ የኔኑ ካቻቢቴ ይዟል። ብሎኗን ዞር አደረጋት። ከዚያ መዳፉ ሞተሩን ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሁሉ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገው።

አባባ ቱፋ ናቸው።

እንግዲህ በሰው አገር እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ እኛ ዘንድ አማች አማቱን "ያዝኩዎት" አይልም። ጎረቤት ቢሆን ጮኼ ሰፈሩን እሰበስብ ነበር። አማት ሲሆን ግን ያየኸው አንተ፣ የምታፍረውም አንተ ነህ። ቀስ ብዬ ወደ ኋላዬ ልመለስ ስል ባዶው ጀሪካን ከድንጋይ ጋር ተጋጨ።

እጃቸው ጋቢው ውስጥ ገባ። እኔም ማለት የምችለውን ብቻ አልኩ።

"እንደምን አደሩ፣ አባባ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ውሃ መጣች?"

"ገና ናት።"

የመጀመሪያዋ ወፍ ጮኸች። አባባ ቱፋ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡና ካቻቢቴውን ከጋቢያቸው አውጥተው ወደ እኔ ዘረጉልኝ።

"ያንተ ነው፣ ውሰደው" አሉ። "ልጄ፣ ፈርቼ ነው። ሐይቅ ላይ ስንት ነገር አይቻለሁ፣ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። አሁን እኮ ጭላንጭል አለችኝ። ሙሉ ስታልፍ ጥላዋን አያለሁ። ሲነካኩት ያቺም ብትጠፋብኝስ?"

ምክር ሲያጥረኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አልጋው ጮኸ። ያን ጊዜ ነው ከኋላችን ሙሉ ጀሪካኗን ይዛ መቆሟን ያየሁት።

"አንቺ ታውቂ ነበር?" አልኳት።

"ካወቅኩማ ቆየሁ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አባዬን ምን ብዬ? ደግሞ ሲስቅ አሳሳኝ፣ አንድ ቀን ይጨመርለት፣ አንድ ቀን ይጨመርለት እያልኩ ነው።" ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። "አባዬ፣ እኔ ግን ጥላዬን ብቻ እንድታይ አልፈልግም።"

አባባ ቱፋ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

"አንተስ ጥርስህን የማትነቀለው ለምንድነው?" አሉኝ።

"ማ... እኔ?"

"በቀኝ ብቻ ነው የምታኝከው። የሞተር ሰው እኮ ነኝ፤ አንዱ ወገን ሥራ ሲያቆም አይጠፋኝም።"

ሙሉ ሳቋ አመለጣት። እኔም የሚዋሽ ነገር ፈልጌ አጣሁ። "ፈርቼ ነው" አልኩ።

"በል እንግዲያው" አሉ ጉልበቴን መታ አድርገው። "አንተ ቅደም። ከበር ውጭ ሆኜ እሰማሃለሁ። ካልጮህክ እኔም እገባለሁ።"

የዓይን ክሊኒኩ ያለበት ሕንፃ ላይ፣ ከሥሩ ባለው ፎቅ ጥርስ ሐኪም አለ። በቀጠሮው ቀን ሦስታችንም ሄድን። እኔ ወንበሩ ላይ ተጋደምኩ፤ አማቴ በሩ ሥር አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ ጆሯቸውን ወደ በሩ አድርገው። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባችሁ ያውቃል? መጮህ መብቴ ነው፣ ጥርሱ የኔ ነው፤ ግን አንዲት "ውይ" ብትወጣኝ አማቴ ተነስተው ዝዋይ ይገባሉ፣ ሙሉም እስከ መጨረሻው ጥላ ሆና ትቀራለች። ሐኪሟ መደንዘዣውን ስትወጋኝ እግሬ ብቻውን ተነሳ። መንቀያውን ስታስገባ አንድ ነገር ከሆዴ ተነስቶ ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ። መመለስ አልቻልኩም። ቢወጣ ጩኸት ነው። ምን እንደመራኝ እንጃ፣ አለሳልሼ፣ አስተካክዬ፣ ሳላቋርጥ በአፍንጫዬ ለቀቅኩት።

"ድ-ድ-ድ-ድ-ድ-ድ-ድ..."

ሐኪሟ እጇን አቆመች። "ምንድነው?" አለችኝ። በእጄ ቀጥዪ አልኳት። እሷ ትጎትታለች፣ እኔ ድ-ድ-ድ-ድ እላለሁ፤ ስትበረታ ነዳጅ ይጨመራል፣ ስትለቅ ወደ ሚኒሞ እወርዳለሁ። አልተንዘፈዘፍኩም፣ አላነጠስኩም፣ ቀጥ አላልኩም። ሙሉ ኋላ እንደነገረችኝ፣ አባቷ በሩ ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው ቆይተው "ሰማሽ?" አሏት። "ልክ ነው። ይሄ ሚኒሞ ልክ ነው።" እኔ ጉንጬን ይዤ ስወጣ፣ ከመቀመጫቸው ተነስተው በትራቸውን አስተካክለው ቆመው ነበር።

"የኔ ተራ ነው" አሉ።

የአንዱ ዓይናቸው መሸፈኛ በማግስቱ ሲነሳ አጠገባቸው ነበርን። ከሰው የሰማውን የሚያወራ ሰው አለ፤ እኔ ግን የማወራው ያየሁትን ነው። አባባ ቱፋ ዓይናቸውን አርገበገቡ። መጀመሪያ ሙሉን አዩ። እጃቸውን ሰድደው ጉንጯን ያዙ፣ ያዙ፣ አልለቅ አሉ። ሙሉ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። ከዚያ ዞር ብለው እኔን አዩኝ፤ ያበጠ ጉንጬን፣ መላጣዬን፣ የቀረችውን ሽበቴን።

"ሙሉዬ፣ ይሄ ነው እንዴ?" አሉ። "በጭላንጭሉ ሳየው እኮ ደህና ነበር።"

ሁለተኛው ዓይናቸውም በተራው ተሠርቶ፣ ሲያገግሙ፣ ሰፈሩ ባለበት ካቻቢቴውን ተቀበሉኝ። ያቺን ብሎን ዞር አደረጓት፣ ትንሽ መለሷት፣ አዳመጡ፣ እጃቸውን አነሱ። ሞተሩ አንጎራጎረ። በማግስቱም አንጎራጎረ። እትዬ ዘርፌ የመጨረሻውን ሙቅ ውሃ በሳፋ ተቀብለው፣ እያሹ፣ "እኔማ እግር ሰበር አድርጌ ባስቀር ደስ ይለኝ ነበር" አሉ። ማንን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም፤ ሞተሩንም ይሁን ሽማግሌውን፣ እኔም ያው ነኝ።

ዝዋይ የሸኘናቸው ሚኒባስ ሞልተን ነው። ሐይቁ ዳር ሞተሩ ጀልባዋ ላይ ተገጠመ፤ አባባ ቱፋ "የተራራ አየርና የሐይቅ አየር አንድ አይደለም" እያሉ ብሎኗን እንደገና አስማሟት። ሙስጠፋ ሕይወት አድን ጃኬቱን ለብሶ በላዩ ላይ ሌላ ለመነ። እኔ ዋና አልችልም፤ ለማንም አልነገርኩም፤ የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጄ ይዣለሁ።

ሐይቁ መሃል ስንደርስ፣ ዳሩ ቀጭን መስመር ሲሆን፣ ሞተሩ ቀጥ አለ።

ውሃው ብቻ ጀልባዋን መታ መታ ያደርጋታል። ካቻቢቴዬን ከኪሴ መዝዤ፣ በአራት እግሬ እየዳህኩ ወደ ሞተሩ ሄድኩ። "ካንዴላው ነው፣ ቆይ፣ አትንቀሳቀሱ፣ ካንዴላው ነው" እላለሁ።

አባባ ቱፋ ትከሻዬን ያዙኝ።

"ተወው፣ ልጄ" አሉ። "ምንም አልሆነችም። እኔ ነኝ ያጠፋኋት።"

"ለምን?"

መሪውን ይዘው ቆመው ያያሉ። ደሴቱን አዩ። ውሃው ላይ የተሰለፉትን ነጫጭ ወፎች አዩ። ማዶ ያሉትን ተራሮች አንድ በአንድ አዩ። እትዬ ዘርፌ ሻሻቸውን ፈታ አድርገዋል፤ ሙስጠፋም እንኳ ዝም ብሏል። ሙሉ ከፊት ተቀምጣ ነፋሱ ነጠላዋን ያነሳዋል፤ መጨረሻ ላይ ዓይናቸው እሷ ላይ አረፈና እዚያው ቀረ።

"እስቲ ትንሽ ልይ" አሉ። "ኋላ እንሄዳለን።"